ለኬሞ ታካሚ የዱር እንጉዳይ መረቅ ይሰጣል?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የጡት ካንሰር ታማ አዲስ አበባ እየተመላለሰች ኬሞ ትወስዳለች። ሰሞኑን አንድ ዘመዳችን ከየጎፍ ደን የለቀመውን እንጉዳይ አድርቆ አመጣልን። «ውስጡ ያለው ፕሮቲን ካንሰር ይገድላል፣ መረቁን በባዶ ሆዷ ትጠጣው» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ሳይ እውነትም ይመራመሩበታል። እናቴ ደግሞ ሐኪሙ እንዳይቆጣት ፈርታ «እንዳትነግሪው» ብላኛለች። ልስጣት ወይስ ይቅርባት?

ፋርማሲስት (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ አላህ ያሽርልሽ። ዘመዳችሁ ዝም ብሎ አላወራም። እ.ኤ.አ. በ1989 ጃፓኖች ሬይሺ ከሚባለው እንጉዳይ ኤልዜድ-8 የተባለ ፕሮቲን ለይተው አውጥተዋል፤ የሰውነትን መከላከያ ሴሎች ይቀሰቅሳል። ሌክቲን የሚባሉም አሉ፣ ሴሉ ላይ ካለው ስኳር ጋር ይጣበቃሉ። ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል የሚያሰናክሉም ተገኝተዋል።

ችግሩ ይሄ ሁሉ በአብዛኛው የታየው በላብራቶሪ ሳህን ውስጥ ባሉ ሴሎችና በአይጥ ላይ መሆኑ ነው። ያውም ፕሮቲኑ ተጣርቶ፣ ተመጥኖ። እናትሽ ጋ የሚመጣው የተፈላ መረቅ ነው። እሳቱ አብዛኛውን ፕሮቲን ያበላሸዋል። የተረፈውን ጨጓራና አንጀት እንደ ሽሮው ፈጭተው ይጨርሱታል። እጢው ዘንድ ምን ይደርሳል?

አንድ አባል (ወልዲያ)፦ ጃፓን ሐኪም ያዝዘዋል ሲሉ ሰምቻለሁ እኮ።

ፋርማሲስት (ኮምቦልቻ)፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ፒኤስኬን ነው የምትለው። ከእንጉዳይ የወጣ፣ ከፕሮቲን ጋር የተያያዘ የስኳር ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ፈቅደውት ነበር። ግን በፋብሪካ ተዘጋጅቶ፣ ከኬሞው ጎን ለጎን ይሰጥ የነበረ እንጂ ኬሞውን የሚተካ አልነበረም።

አባት (ቦረና)፦ እኛ ክረምት ላይ ኩይሳው ላይ የሚወጣውን እየበላን ነው ያደግነው ልጆቼ። እንስሳ የነካው አይገድልም ይባላል።

ነርስ (ደሴ)፦ አባባ፣ የኩይሳውን እርስዎ ከነቦታው ያውቁታል። የእንስሳው ነገር ግን አያስኬድም። ሰው የሚገድለውን እንጉዳይ ቀንድ አውጣ ሲበላው ይታያል፣ ምንም አይሆንም።

እህቴ፣ እኔን ያስፈራኝ መድረቁ ነው። አገዳው ሥር ከረጢት ነበረው? አንገቱ ላይ ቀለበት? የቆቡ የታችኛው ገጽ ምን ቀለም ነበር? ደርቆ ከተሰባበረ በኋላ ይሄን ማን ይለየዋል? አማኒታ ከሚባሉት ገዳዮቹ አንዱ ቢቀላቀልበት መርዙን መቀቀልም ማድረቅም አያጠፋውም። ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ድምፁን ያጠፋል። ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ። ቀጥሎ የተሻለ ይመስላል፣ ያኔ ነው ጉበት የሚያልቀው። የኬሞ ታካሚ ጉበት ደግሞ በራሱ ሥራ በዝቶበታል።

ፋርማሲስት (ኮምቦልቻ)፦ የሚገርመው ያንኑ መርዝ ከአንቲቦዲ (የካንሰሩን ሴል ለይቶ ከሚይዝ ፕሮቲን) ጋር አጣብቀው ለካንሰር መድኃኒትነት እየሞከሩት ነው። በሐኪም ቁጥጥር፣ እጅግ በትንሹ። ድስት ውስጥ አይደለም!

እንጉዳይ አምራች (ሐይቅ)፦ አምሯት ከሆነ ገለባ ላይ የሚመረተውን ኦይስተር ግዙላት። በሽንኩርት በደንብ ይብሰል፣ ጥሬውን እንዳትቀምስ፤ ኬሞ ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ በቀላሉ ኢንፌክሽን ይይዛታል። እኔ ሻጩ ነኝ፣ ግን መድኃኒት ነው ብዬ አልሸጥልሽም። ወጥ ነው።

ጠያቂ (ደሴ)፦ ኧረ ጉድ ሆንኩ! አክስቴ ለካ ትናንት ማታ ግማሽ ስኒ አጠጥታታለች። ዛሬ ጠዋት ምንም አላላትም።

ነርስ (ደሴ)፦ አብሽሪ፣ ግን እስኪያማት አትጠብቁ። አሁኑኑ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዷት። የተረፈውን እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ፣ በፌስታል አይሁን። በስንት ሰዓት እንደጠጣችና የምትወስደውን የኬሞ ስም ጻፊ። ሐኪሟ ቢቆጣም ይቆጣ፣ ደውይለት። የመጀመሪያው የጉበት ምርመራ ደህና ነው ቢሏችሁም ወደ ቤት አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያው ቀን ላያሳይ ስለሚችል እንዲደገም ጠይቂ።