ዊንዶውስ 10 ከቆመ በኋላ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ ማዞር ያዋጣል?

አወያይ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል። 6ኛ ትውልድ ኮር አይ5 እና 4 ጊጋ ራም ያላቸውን ማሽኖች ዊንዶውስ 11 አይቀበልም፤ ኢንቴል ከሆነ ቢያንስ 8ኛ ትውልድ፣ ከዚያም ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። ስድስት እንዲህ ዓይነት ማሽን ያለው ቢሮ ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ይጫንበት ወይስ አይጫንበት?

ብሎን፦ ይጫን። ሊኑክስን ድሮ ያስጠላው የዋይፋይ ፈርምዌር (ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሶፍትዌር) ጣጣ ነበር። ጥብቅ የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ደቢያን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 12ኛ እትሙ ጀምሮ ኮዱ ክፍት ያልሆነውን ፈርምዌር መጫኛው ውስጥ አስገብቶታል። ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ማሻሻያ ያገኛል። 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም ጻፉት፣ ሳትጭኑ ከፍላሹ አስነሱት፣ ከዚያ ዋይፋይ፣ ድምፅና ፕሪንተር ፈትሹ። ዲስኩ አይነካም።

ሌጀር፦ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪስ? የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳው) ላይ ፕሮግራሙ ቢነሳ እንኳ ከጀርባ ያለው የፐርቫሲቭ ዳታቤዝ ሰርቪስ ካልተነሳ የድርጅቱ ፋይል አይከፈትም። የግብር ጊዜ ደርሶ «ምናልባት ይሠራል» አይባልም።

ብሎን፦ እሱ ልክ ነው፤ የሂሳቧ ማሽን ዊንዶውስ ላይ ትቆይ። ለድርጅት በክፍያ የደህንነት ማሻሻያ አለ፤ የመጀመሪያው ዓመት በማሽን 61 ዶላር ነው፣ በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል፣ ከሦስት ዓመት አያልፍም። ደብዳቤና ኢሜይል ብቻ ለሚሠሩት አምስቱ ግን ይህን ብር ማውጣት ምን ይሉታል?

ሀ-ግዕዝ፦ ደብዳቤ ያልከው ነው ችግሩ፣ ወንድሜ። አዲሱ ጽሑፍ አያሳስብም፤ የመጻፊያ ፕሮግራሙ ኪይማን ለሊኑክስ አለ፣ አይባስ በተባለው የሊኑክስ የሰሌዳ መምረጫ ላይም የአማርኛ ሰሌዳ ይጨመራል (ከጫናችሁ በኋላ ሎግ አውት ብላችሁ ካልገባችሁ ዝርዝሩ ላይ አይመጣም)። አበሳው የድሮው ማህደር ነው። ዩኒኮድ (ዛሬ ማሽኖች የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ፋይል ሊብሬ ኦፊስ (የሊኑክሱ የደብዳቤ መጻፊያ) ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይከፈታል። የፎንቱን ፋይል ገልብጣችሁ ብትጭኑ ንባቡ ይመለሳል፣ ፍለጋው ግን አይሠራም።

ብሎን፦ ፎንቱ የሌለበት ዊንዶውስም ላይ ያው ነው፤ ይህን በሊኑክስ አታሳቡ።

ሀ-ግዕዝ፦ አላሳበብኩም። ዊንዶውሱ ላይ ፎንቱ ቀድሞ ተጭኗል፤ አዲሱ ማሽን ላይ ማን ይጭነዋል ነው ጥያቄዬ።

ኬብል፦ ሁለታችሁም ፕሪንተሩን ረሳችሁት። ካኖን ኤልቢፒ 2900 የሚሠራው ካፕት በተባለው የካኖን ድራይቨር ነው፤ አዲስ ሊኑክስ ላይ እሱን ማስነሳት የተራ ተጠቃሚ ሥራ አይደለም። ኤችፒ ፒ1102 ይሻላል፣ ሆኖም ፕለጊኑን ከኢንተርኔት ካላወረደ ወረቀት አይስብም። ኤርፕሪንት ያለው አዲስ ፕሪንተር ግን ያለ ድራይቨር ይታያል። ሌላም አለ፦ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው የማሽኑ ጥበቃ) በርቶ ተጨማሪ ድራይቨር ከጫናችሁ መጫኛው የይለፍ ቃል ያስመርጣል፣ ሪስታርት ላይ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እዚያ ላይ «ኤንሮል ሞክ» (ቁልፉን መዝግብ) የሚለውን መርጦ ያንን የይለፍ ቃል ያላስገባ ሰው ድራይቨሩ ተጭኖለት ዋይፋዩ አይነሳለትም። ገጹ 10 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ያልፋል፤ ብዙዎች ሳያዩት ይቀራሉ።

ሌጀር፦ እንግዲህ «ቀልሏል» የምትሉት ይህን ነው?

ኬብል፦ ቀልሏል፣ ለሚጠቀመው። ለሚጭነው ገና ነው። ስለዚህ የሚጭነው ሰው አንድ ይሁን፣ ሠራተኛው ዝግጁ የሆነውን ይረከብ። ደግሞ ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ማሽን ላይ ካስቀመጣችሁ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ይላል፤ ሊኑክስ የቦርዱን ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም መደበኛ ሰዓት) ስለሚይዘው ነው። ባትሪ ሞተ ብላችሁ እንዳትገዙ።

ብሎን፦ ራሙንስ ማን አነሳ? በ4 ጊጋ ቀለል ያለውን የሚንት ኤክስኤፍሲኢ እትም ጫኑ፤ ክሮም ላይ ታብ ሲበዛ ግን የትኛውም ሲስተም አያድንም። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ የሚሽከረከረው ዲስክ በኤስኤስዲ ይቀየር፣ ቀጥሎ ራሙ 8 ይሁን።

ሌጀር፦ በአንዱ ማሽን ጀምሩና የአንድ ወር ደብዳቤ፣ የድሮ ፋይልና ህትመት ይውጣበት። እስከዚያ አምስቱን አትንኩ፤ የእኔን ደግሞ ጭራሽ።