አስቸኳይ፦ 450 ላይ ሲሠራ የነበረው ሴሌሮን 300ኤ ዛሬ ጠዋት አልነሣ አለ

የአባቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ቶሎ። ሴሌሮን 300ኤ የሚባል የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር አለኝ። ፍጥነቱን ለመጨመር ቢ21 የሚባለውን የፕሮሰሰሩን እግር ሸፍኜ ከ300 ይልቅ በ450 ሜጋኸርዝ ሦስት ቀን ያለ እንከን ሠርቶልኛል። ዛሬ ጠዋት ሳበራው ማራገቢያው ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ጨለማ ነው፤ አንዲት ጩኸት እንኳ የለም። ምንም አልነካሁም። ውስጡ የአባቴ ደብዳቤዎች አሉ፤ ነገ ማታ እኅቴ ወደ ውጭ ስለምትሄድ አትሜ ልሰጣት ቃል ገብቻለሁ። አቃጠልኩት ማለት ነው?

ፒያሳ፦
የማዘርቦርዱን ባትሪ አውጥተህ ዐሥር ደቂቃ ቆይተህ መልሰው። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀል። ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ይመለሳል።

ብረት ሰብሳቢ፦
ማዘርቦርዱ ምንድን ነው? ራሙ ለ66 ሜጋኸርዝ የተሠራ ነው ወይስ ለ100? ቢ21ን በምን ሸፈንከው? ሐኪም ፊት ቀርበህ «አመመኝ» ብለህ ዝም አልክ እኮ።

ጋሼ ትራንዚስተር፦
ወጣቶች፣ ከመነካካት በፊት መረዳት ይቀድማል። 300ኤ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ማባዣው 4.5 ላይ ተቆልፎ ነው የመጣው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ስለዚህ ፍጥነት የሚጨመረው የሚባዛበትን ማለትም የማዘርቦርዱን መስመር ፍጥነት በመለወጥ ብቻ ነው። 66 ሲሆን 300፣ 100 ሲሆን 450። ይህ ፕሮሰሰር የተወደደበት ምክንያት ደግሞ ካሹ፣ ማለትም ቶሎ ቶሎ የሚፈልገውን የሚያኖርበት ሁለተኛ ደረጃ ማኅደር ነው። መጠኑ 128 ኪሎባይት ብቻ ቢሆንም እዚያው ቺፑ ላይ ስለተሠራ በሙሉ ፍጥነት ይሠራል። የዘመኑ ፔንቲየም 2 ካሽ 512 ኪሎባይት ቢሆንም የሚሄደው በግማሽ ፍጥነት ነበር። በዚህ የተነሣ 149 ዶላር የወጣበት ሴሌሮን ከ600 ዶላር በላይ ከሚሸጠው ፔንቲየም 2 450 ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲጋፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእርሱ በፊት የወጣው ተራው 300 ግን ሁለተኛ ደረጃ ካሽ የሚባል ጭራሽ አልነበረውም፤ ሁለቱን የምታምታቱ አላችሁ።

ሌላው፣ 100 ከ83 ይሻላል። ብዙ ሰው 83ን መካከለኛና አስተማማኝ አድርጎ ይገምተዋል። 100 ለሦስት ሲካፈል ተጨማሪ ካርዶችንና ሃርድ ዲስኩን የሚያገናኘው የፒሲአይ መስመር 33 ላይ፣ ማለትም በትክክለኛው ቦታ ይቀመጣል። 83 ግን ለሁለት ተካፍሎ ከ41 በላይ ይሆናል። ያን ጊዜ የሃርድ ዲስኩ ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ፤ የሚታወቀውም ከረፈደ በኋላ ነው።

ሻይ በሎሚ፦
ጋሼ፣ ልጁ ቤቴ ተቃጠለ ሲል እርስዎ የእሳትን ታሪክ ይነግሩታል።

ጋሼ ትራንዚስተር፦
የእሳትን ታሪክ ቢያውቅ ቤቱ ባልተቃጠለ።

አርሊንግተን፦
ይቅርታ አድርግልኝና እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ብቸኛው የአባትህ ጽሑፍ ያለበትን ማሽን ለምን ከዐቅሙ በላይ ታሠራዋለህ? ደብዳቤ ለማተም 450 ምን ይጠቅማል? የድሮ ማሽን ማፍጠን እኔም እወዳለሁ፤ ሁለት አሉኝ። ግን የምጫወትባቸው ባዶ ዲስክ ላይ ነው።

የአባቱ ልጅ፦
አባቴ በሕይወት ሳለ «ይህ ነገር ይንቀረፈፋል» እያለ ይማረር ነበር። 450 የሚለው ቁጥር ሲነሣ ማየት ፈልጌ ነው። አሁን ስድቡን ለነገ አቆዩልኝ።

ማራገቢያው፦
ባትሪውን አውጥተህ መልሰው። ለእኔ ሠርቶልኛል።

ብረት ሰብሳቢ፦
ባትሪው ምን በደለ? እግሩ የተሸፈነው ባዮሱ ውስጥ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ማዘርቦርዱ ቢ21ን አንብቦ «ይህ ባለ 100 ነው» ይላል፤ ባትሪ ቢወጣ ቢገባ ያንኑ ደግሞ ያነባል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ጥያቄዬን ግን አልመለስክም።

የአባቱ ልጅ፦
የቢሮ ኮምፒውተር ስለሆነ ባዮሱ ውስጥ ፍጥነት መቀየሪያ የለም። ቺፕሴቱ፣ ማለትም የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ፣ 440ቢኤክስ ነው። ራሙ ላይ ፒሲ100 ይላል፤ ለ100 የተሠራ ነው። ቢ21ን የሸፈንኩት በእኅቴ የጥፍር ቀለም ነው። ትናንት ማታ ብናኝ ለማራገፍ ፕሮሰሰሩን ነቅዬ መልሼዋለሁ፤ ያ ግን መንካት አይባልም።

ሻይ በሎሚ፦
«ምንም አልነካሁም» የሚለውን ጽሑፍ በፍሬም አሰቅለዋለሁ። ለመሆኑ ቀለሙ ቀይ ነው?

የአባቱ ልጅ፦
ሮዝ።

ቮልት አፍቃሪ፦
450 ላይ ቮልቴጁ አንሶት ይሆናል። መደበኛው 2.0 ነው። ሌሎች እግሮችንም በቀለም ብትሸፍን ወደ 2.2 ከፍ ይልልሃል።

ብረት ሰብሳቢ፦
አታድርገው! ሦስት ቀን በ2.0 የሠራ ፕሮሰሰር በአራተኛው ቀን ድንገት ቮልቴጅ አነሰኝ አይልም። አንዱን እግር በስሕተት ብትሸፍን ደግሞ ቮልቴጁ ወዴት እንደሚዘል አታውቅም።

መርፌ ቀዳዳ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ መጀመሩንና አለመጀመሩን በሁለት ደቂቃ ታውቃለህ። ገመዱን ንቀል፣ ራሙን በሙሉ አውጣ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የምትያያዘው ትንሿ ድምፅ ማጉያ መሰካቷን አረጋግጥ፣ ከዚያ አብራው። ራም ሲጠፋ እየጮኸ የሚያሳውቀው የባዮሱ ፕሮግራም ነው፤ ያን ፕሮግራም የሚያስኬደው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ነው። ከጮኸ ፕሮሰሰሩ ሕያው ነው፤ ችግሩን ራሙ ወይም የስክሪን ካርዱ ላይ ፈልግ። ራም በሌለበትም ዝም ካለ ፕሮሰሰሩ ሥራ አልጀመረም። ያም ቢሆን ሞተ ማለት አይደለም፤ በደንብ አልገባ ይሆናል። በስሎት 1፣ ማለትም በረጅሙ የፕሮሰሰር መሰኪያ፣ የሚገባው የፕሮሰሰር ካርድ የገባ እየመሰለ አንዱ ጫፍ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ሁለቱም መቆለፊያዎች «ቀጭ» እስኪሉ መጫን አለብህ።

የአባቱ ልጅ፦
ራሙን አውጥቼ አበራሁ። ዝም።

መርፌ ቀዳዳ፦
እንግዲያው ጥርጣሬዬ ቀለሙ ላይ ነው። የፕሮሰሰሩ ካርድ በወጣና በገባ ቁጥር የስሎቱ ምላሶች እግሮቹን ይፍቃሉ። የተፋቀው ቀለም ወደ ጎረቤት እግር ሄዶ ይለጠፋል፤ እዚያ ደግሞ 242 እግር ተጠጋግቶ ቆሟል። የፕሮሰሰሩን ካርድ አውጣና መብራት ሥር እየው። ቢ21ን ጨምሮ ሮዝ የሆነውን ሁሉ በትንሽ አሴቶንና በጆሮ ጥጥ ጥረግ፤ አሴቶኑ ፕላስቲኩን እንዳይነካ፣ ያቀልጠዋል። ወደ ስሎቱ ውስጥ ግን አታፍስስ፤ እዚያ የወደቀ ስባሪ ካለ በደረቅ ብሩሽ አውጣው። ሲደርቅ መልሰህ ስካና በ300 መነሣቱን እይ። 450ን ለሌላ ቀን ተወው። ያን ጊዜም ቀለም ሳይሆን ቀጭን ቴፕ ተጠቀም።

አርሊንግተን፦
ቢነሣም ባይነሣም ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ቅዳው። የድሮውን የዲስክ ማገናኛ፣ አይዲኢን፣ ወደ ዩኤስቢ የሚያገናኝ መሣሪያ ካለው ሰው ተዋስና በላፕቶፕ ክፈተው። ፕሮሰሰሩ ቢቃጠልም ዲስኩ አልተቃጠለም። ደብዳቤዎቹ በምን ተጻፉ?

የአባቱ ልጅ፦
በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ መሰለኝ። አንዱን በፍላሽ ወደ ላፕቶፕ ወስጄ ነበር፤ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ መጣ። ተበላሽቷል ብዬ ተውኩት።

ጋሼ ትራንዚስተር፦
አልተበላሸም። የዚያ ዘመን የአማርኛ ፊደሎች የተቀመጡት በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የዊንዶውስ 98ቱን የፎንት ማኅደር ከደብዳቤዎቹ ጋር አብረህ ቅዳ። ፎንቱን ላፕቶፕህ ላይ ስትጭን ያ ዝብርቅርቅ ጽሑፍ አማርኛ ይሆናል። ይህንን ቀድሞ ማን ጠየቀህ? ማንም። ሁሉም ባትሪ ይላል።

ፒያሳ፦
እኔ ባትሪ ያልኩት ለጥንቃቄ ነው።

የአባቱ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መርፌ ቀዳዳ፣ በመብራት አየሁት፤ ከቢ21 ቀጥሎ ያሉት ሁለት እግሮች ላይም ሮዝ አለ። አሴቶን ፍለጋ ወደ እኅቴ ክፍል ልገባ ነው። ሻንጣ እያዘጋጀች ስለሆነ ስለ ቀለሙ እንዴት እንደምነግራት አላውቅም።

ሻይ በሎሚ፦
አሴቶኑን ስትጠይቅ ስለ ፕሮሰሰር አታንሣ።

ብረት ሰብሳቢ፦
ሳምንት ሆነው። ተነሣ? ደብዳቤዎቹስ?

ጀማሪው፦
ጠያቂው ከጠፋ እኔ ልጠይቅ። እኔም ቢ21ን በቴፕ ሸፍኜ ነበር፤ ኮምፒውተሩ በደንብ ይሠራል፣ ግን አሁንም 300 ነው የሚለው። ማዘርቦርዴ 440ኤልኤክስ ነው።

መርፌ ቀዳዳ፦
ኤልኤክስ የተሠራው ለ66 ነው፤ የሸፈንከውን እግር አያነበውም። ቴፑን ላጠው።

ማራገቢያው፦
ባትሪውን ሞክረሃል?