መርፌው እያለ ስኳሩ አልወርድ ሲል

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጠዋትና ማታ ኤንፒኤች ኢንሱሊን (ለብዙ ሰዓት የሚሠራውን፣ ወተት የሚመስለውን) የሚወጉ የመንዝ እናት ስኳራቸው አልወርድ ብሏል። መጠኑን እንጨምር?

መልስ 1፦ ገና ነው። መጀመሪያ ብልቃጡን ይዘው ይምጡ። መንዝ ሌሊት ውርጭ አለ፤ ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ፣ ቢቀልጥም አይሠራም። በመዳፍ መሃል ቀስ ተብሎ ሲንከባለል ወጥ ወተት መምሰል አለበት። ፍርፋሪ ከታየበት ወይም ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ይጣል። የሚወጉበትንም ዳሱት፤ ሁሌ አንድ ቦታ ከሆነ ቆዳው ያብጥና መድኃኒቱ በወጉ አይሰርግም።

መልስ 2፦ ሸዋሮቢት ላይ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው። ማቀዝቀዣ ከሌለ ብልቃጡ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። የተከፈተው በ28 ቀን ይቀየር።

መልስ 3፦ «ይጾማሉ ወይ?» አትበሏቸው፤ «እህል የሚቀምሱት ስንት ሰዓት ነው?» በሏቸው። ጠዋት ተወግተው እስከ 9 ሰዓት ከቆዩ ስኳሩ ይወርድባቸዋል። ያንን ፈርተው መርፌውን ይዘላሉ፤ ካርዱ ላይ ግን «መድኃኒት በአግባቡ አይወስዱም» ይጻፍባቸዋል። ይሄ በጣም ያሳዝናል። ሰዓቱንና መጠኑን ሐኪሙ ከእሳቸው ጋር ይወስን፤ ከፈቀዱ የንስሐ አባታቸውም ይማከሩ። ስኳራቸው ከ70 ሚ.ግ/ዴ.ሊ በታች ከወረደ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ በ15 ደቂቃ ደግመው ይለኩ። ይህን ቤት ያለ ልጅም ይወቀው።