«ጤፍ በኩንታል 30 ብር» የሚል የድሮ ዋጋ ዝርዝር ቤተሰባችንን አጣላ፤ እንዴት ላጣራው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተንና ከዱባይ 40 ያህል ሰዎች አለን። ባለፈው እሑድ አጎቴ አንድ ፎቶ ላኩ። ቢጫ ወረቀት ነው፤ አናቱ ላይ «የ1965 የገበያ ዋጋ» ይላል። ጤፍ በኩንታል 30 ብር፣ ቅቤ በኪሎ 3 ብር እያለ ይወርዳል። ከሥሩ «ይህን አገር ነው ያፈረሳችሁት» ብለው ጻፉበት።

ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ «ዶላር እኮ 2 ብር ነበር፣ ዛሬ ከመቶ በላይ ነው» ብሎ ደገፋቸው። ታናሽ እህቴ ደግሞ «ውሸት ነው፣ ያኔ ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያ ንጉሡ፣ ደርግ፣ ኢሕአዴግ፣ የዛሬው መንግሥት እየተባለ እስከ እኩለ ሌሊት ተባባሉ። እህቴ ቡድኑን ጥላ ወጣች፤ እናቴም አለቀሰች።

ፎቶው እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ? የያኔውን ብር ከዛሬው ጋር በምን ላስተያየው? አጎቴን ሳላስቀይምስ ምን ብዬ ልመልስ? ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

ስልክ ጠጋኙ፦ መጀመሪያ ፎቶው ከላይ «ተላልፎ የመጣ» የሚል ምልክትና የቻናል ስም እንዳለው እይ። ካለ ስሙን ነክተህ ወደ ምንጩ ሂድ። ከሌለ ፎቶውን በጉግል ሌንስ ፈልገው፤ ሌላ ቦታ ወጥቶ ከሆነ ይመጣልሃል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ነገር ጨምቆ ውስጡ ያለውን የቀን መረጃ ስለሚያጠፋው፣ ከፋይሉ ላይ ቀን ለማውጣት አትድከም።

ከዚያ ፊደሉን አጉልተህ እይ። በታይፕ የተጻፈ የያኔ አማርኛ ያስታውቃል፤ የፊደሉ ቅጥያዎች ለብቻ እየተመቱ ስለሚጨመሩ አንዳንዱ ከመስመር ይወጣል።

ጠያቂ፦ አጎላሁት። ፊደሉ ኮምፒውተሬ ላይ ካለው «ኒያላ» ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

ስልክ ጠጋኙ፦ ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የ1965 አይደለም፤ በቅርብ የተጻፈ ነው። ግን ተጠንቀቅ፦ ወረቀቱ አዲስ ነው ማለት ዋጋው ውሸት ነው ማለት አይደለም። ከድሮ ሰነድ ላይ ገልብጠውት ሊሆን ይችላል።

አንድ አባል፦ እኔ ውሸት ነው እላለሁ። ያኔ ገንዘባችን «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር፤ ብር የተባለው በደርግ ጊዜ፣ በ1969 ዓ.ም. ነው።

መዝገብ ቤት፦ ወንድሜ፣ በእንግሊዝኛው ነው እንጂ! በ1937 ዓ.ም. በወጣው የወረቀት ገንዘብ ላይም አማርኛው «ብር» ነው የሚለው። በ1969 የሆነው፣ እንግሊዝኛውም ብር መባሉ ነው። ይህን ይዘህ አጎትህን ብትሞግታቸው በአንድ አሮጌ ኖት ያሳፍሩሃል።

ይልቅ «1965» ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? ወረቀቱ ካልለየው ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል። በእ.ኤ.አ. ከሆነ ዶላር 2.50 ብር ነበር። በዓ.ም. ከሆነ 2.30 ቆይቶ፣ አሜሪካ የካቲት ላይ ዶላሯን ስታረክስ 2.07 ሆነ። ያ 2.07 እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም. ድረስ አልተነካም፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ 5 ብር ገባ። የአክስትህ ልጅ ይህን ያስብበት፦ የዶላሩ ዋጋ የኑሮ መለኪያ ቢሆን ኖሮ ሙሉው የደርግ ዘመንም ድሎት ነበር ማለት ነው። ተመኑን የሚወስነው ግን መንግሥት ነበር፤ በዚያ ዋጋ ዶላር የሚያገኘውም ጥቂት ሰው ነው።

ለማጣራት ከፈለግህ፣ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብተህ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ ጥራዝና የዚያን ዓመት አዲስ ዘመን ጠይቅ።

እትዬ ከኮልፌ፦ ልጄ፣ የ2.07ቱን ዘመን እኔ ልንገርህ። የቀበሌ ሱቅ ስኳርና ዘይቱ በእርግጥ ርካሽ ነበር። ግን በካርድ ነው፤ ያውም ሲመጣ ነው። ሌሊት ተነስተን ድንጋይ በየተራ ደርድረን ቦታ እንይዝ ነበር፤ የኔ ድንጋይ ጫፉ የተሸረፈ ነበር፣ ዛሬም ባየው አውቀዋለሁ። ስምንት ሰው ሲቀረኝ «አልቋል» ተብዬ ባዶ ጀሪካን ይዤ ተመልሻለሁ። ዋጋው ርካሽ ነበር ዘይቱ ግን አልነበረም፤ ይህን ለአጎትህ ንገርልኝ።

የደሴ ልጅ፦ እህትህ ያለችው እውነት ነው፤ ወገኖቼ ስላለቁበት ዝም ማለት አልችልም። 1965 ዓ.ም. ወሎ የተራበበት ዓመት ነው። አማርትያ ሴን የሚባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ይህንን ረሃብ አጥንቶ ያገኘው ነገር በትክክል የእናንተን ክርክር ይመለከታል፦ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውም የሚሸጠውም አንድ እህል ስለሆነ፣ ሲጠፋበት ምግቡንም ገንዘቡንም አብሮ አጣ። የአፋር አርብቶ አደርም ከብቱን ገበያ ሲያወጣ፣ የከብቱ ዋጋ ወድቆ ጠበቀው። እንዲያውም ከወሎ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ የወጣ እህል ነበር።

ስለዚህ አጎትህም እህትህም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ጤፉ ርካሽ ነበር፤ ሰው ግን የሚገዛበት አጥቶ ሞተ።

መዝገብ ቤት፦ የደሴ ልጅ ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በብርም በዶላርም አትለካ፤ በሥራ ቀን ለካ። አንድ ኩንታል ጤፍ ለመግዛት የያኔ የቀን ሠራተኛ ስንት ቀን ይሠራ ነበር? የዛሬውስ? አጎትህን በክርክር አትግጠማቸው፤ «ጋሼ፣ ያኔ ደሞዝዎ ስንት ነበር? ቤት ውስጥ የሚሠሩትስ ስንት ይከፈላቸው ነበር?» በላቸው። ደግሞ ቡድኑ ፊት አይሁን፣ በግል ይሁን፤ ሽማግሌ ሰው ፊት ለፊት ሲታረም ጉዳዩ ክብር ይሆናል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በግል በድምፅ ጠየቅኋቸው። ማምሻውን የ11 ደቂቃ ድምፅ ላኩልኝ። ወረቀቱን ማን እንደላከላቸው አያስታውሱም። ደሞዛቸውን ነገሩኝ፤ በእርግጥ ያኔ ተንደላቀው ነበር። ከዚያ የግቢያቸውን ዘበኛ አነሱ፦ በወር 20 ብር። ትንሽ ዝም ብለው «ለካ አንድ ኩንታል አይገዛም ነበር» አሉ። ሰውየው ከወሎ፣ ከየጁ የመጣ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወንድሙ ከነልጆቹ መጥቶ በራቸው ላይ አድሮ ነበር።

ዛሬ ጠዋት እህቴ ጋ ራሳቸው ደወሉ። ወደ ቡድኑ ተመልሳለች። እትዬ፣ የድንጋዩን ነገር ነገርኋቸው፤ እናቴ ሰምታ «የኔም ነበረኝ» አለች።