የስልክ መልክ ባለቤት አለው? ደሴ ላይ የተነሳ ክርክር

አድሚን፦
ትናንት ፒያሳ ቡና ላይ አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ማታ በውስጥ መስመር ስልኬን አጨናነቃችሁት። በሉ እዚህ ግሩፑ ላይ እንጨርሰው።

ለቀሩት ላስረዳ። ጠጋኙ ወንድማችን ሁለት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሁለቱም ጠፍተዋል። ጥቁር መስታወት፣ ዞር ያለ ጥግ፣ ወርዱም ቁመቱም አንድ። "አንዱ ኦርጅናል ነው፣ አንዱ ፎርጅድ። ለዩ" አለን። ከስድስታችን አራቱ ተሳሳትን። አንዱ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወሬው ወደ አፕልና ሳምሰንግ ክስ ዞረ። አፕል "አይፎኔን ቀዳብኝ" ብሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ የከሰሰው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2012 ዘጠኝ የሕዝብ ዳኞች ሳምሰንግ 1.049 ቢሊዮን ዶላር ይክፈል አሉ። ከዚያ ቅናሽ፣ ይግባኝ፣ እንደገና ችሎት። የታረቁት በ2018 ነው። የሚገርመው፣ ሲካሰሱም ሳምሰንግ ለአይፎን ቺፕ እየሠራ ይሸጥ ነበር።

እና ጥያቄው፦ የስልክ መልክ መቅዳት ሌብነት ነው ወይስ ውድድር? ስድብ የለም።

ጠጋኙ፦
አቋሜ የትናንቱ ነው። ውድድር ነው። አፕል ካስመዘገባቸው ንድፎች አንዱ ጥጉ የዞረ አራት ማዕዘን የስልክ ፊት ነው። አያቴ ቁርኣን የቀሩበት የእንጨት ሉህ እቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጥጉ የዞረ አራት ማዕዘን ነው። አያቴን ማን ይክሰስ?

ሌላም ልጨምር። ይሄ መልክ ባይቀዳ ኖሮ ደሴ ላይ ታች ስልክ የሚይዘው ስንት ሰው ነበር? ርካሹ ስልክ የመጣው አንዱ ከአንዱ ስለቀዳ ነው።

አይፎኔ፦
ሉሁን በሁለት ጣት ቆንጥጠህ ጽሑፉን ማስፋት ትችላለህ? አትችልም። በቃ፣ ልዩነቱ እዚያ ነው።

አይፎን በጃንዋሪ 2007 ከመታየቱ በፊት የነበሩትን ስልኮች አስታውሱ። ግማሽ አካላቸው ቁልፍ ነበር። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ሁሉም መስታወት ሆነ። አጋጣሚ ነው በሉኝና ልሳቅ። አንዱ ዓመታት ለፍቶ፣ ገንዘብ አፍስሶ ያወጣውን ሌላው አይቶ በወራት ሲሠራው ሌብነት ካልሆነ ምንድን ነው?

ጠጋኙ፦
አይፎኔ፣ ስልክን በጣት ጠረግ አድርጎ መክፈትም የአፕል ፓተንት፣ የፈጠራ መብት፣ ነበር አይደል? ከአይፎን በፊት ኒኦኖድ የሚባል የስዊድን ስልክ በጣት እየተጠረገ ይከፈት ነበር። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ2012 ያንን አይቶ የአፕልን ፓተንት ሰረዘው። የጀርመንም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 እንደዚያው። እናንተ ጀማሪ የምትሉት እሱም ካንዱ አይቷል።

አይፎኔ፦
አሜሪካ ላይ ግን ያው ፓተንት ከሌሎች ጋር ጸንቶ ሳምሰንግ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ተፈርዶበታል። ግማሹን ብቻ አታውራ።

የሕግ ተማሪዋ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ፓተንት ድንበር አይሻገርም። የተሰጠበት አገር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። እንግሊዝ ላይ የወደቀ አሜሪካ ላይ ሊቆም ይችላል። የአሜሪካ ፓተንት ደግሞ እዚህ ካልተመዘገበ ደሴ ላይ ወረቀት ነው።

ደግሞ ሦስት ነገር እየደባለቃችሁ ነው። ፓተንት ስለ አሠራር ነው፣ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ። ንድፍ ስለ መልክ ነው። የንግድ ምልክት ስለ ስም ነው፣ ዕቃው የማን እንደሆነ የሚነግርህ። ትናንት የተከራከራችሁት ስለ ሁለተኛው ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ፎርጅድ ስልክ ግን ሦስተኛውን የነካ ይመስለኛል። እሱን አቆዩት፣ እመለስበታለሁ።

በ2018 የመጨረሻው ችሎት ካሳውን 539 ሚሊዮን ዶላር አደረገው። ከዚህ ውስጥ ለአሠራር ፓተንቶቹ የተሰጠው 5.3 ሚሊዮን ብቻ ነው። ቀሪው 533 ሚሊዮን ለመልክ ነው። መልክ ከአሠራር መቶ እጥፍ ተከፈለበት።

የሙጋድ ባለሱቅ፦
ይኼን ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አድርገሽ ነው የምትነግሪን?

አድሚን፦
😄 በዚህ ሳቅ ማንም እንዳይወጣ። ቀጥሉ።

የሙጋድ ባለሱቅ፦
መልክ ካልንማ አንድ ልጨምር። እንግሊዝ አገር ዳኛው በ2012 የሳምሰንግ ታብሌት የአፕልን አይፓድ አልቀዳም ብሎ ፈረደ። ምክንያቱ? እንደ አይፓድ አያምርም፣ ያን ያህል አይማርክም። ሳምሰንግ እየተሰደበ ረታ። አፕል ደግሞ "ሳምሰንግ አልቀዳም" ብሎ በራሱ ድረ ገጽ እንዲያወጣ ታዘዘ። ሲያወጣ እያሽሟጠጠ ጻፈ፣ ፍርድ ቤቱ ተቆጥቶ እንደገና አስጻፈው። ሁለት የጎረቤት ሴቶች በሽማግሌ ፊት ሲታረቁ አይመስልም?

ሸማኔው፦
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ስልክ አላውቅም፣ ሽመና አውቃለሁ።

ካቻምና አንድ ጥለት አወጣሁ። ከአባቴ የወረስኩት አይደለም፣ ራሴ ያወጣሁት ነው። የሰናፍጭ ቀለም ክር በአረንጓዴ መሀል እንደ ጦሳ ተራራ መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ለማስተካከል ብዙ ቀን ድሩን እየፈታሁ እንደገና አስሬዋለሁ። ልጄ ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። ዓመት ሳይሞላ ያው ጥለት በማሽን ታትሞ ጣቃ ጣቃውን ገበያ ወጣ። የታተመ ነው፣ ያልተሸመነ። ከሩቅ ስታዩት የኔው ነው። ዋጋው የኔን የክር ወጪ እንኳ አይሆንም። አንዷ ደንበኛዬ "ጋሼ፣ እርስዎ አስወደዱት" ብላኝ ሄደች።

ጠጋኝ ልጄ፣ ይኼም ውድድር ነው ትለኛለህ?

ጠጋኙ፦
ጋሼ፣ እርስዎን ሳስብ አንደበቴ ይያዛል። እውነቴን ነው። የእርስዎን ግን ከአፕል ጋር እንዴት አንድ ላደርገው? እነሱ ጠበቃቸው ብቻ ደሴን ይገዛል።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ስልኩ ላይ የተፈረደው ሕግ ከየት እንደመጣ ቢያውቁ ይገረማሉ። ከምንጣፍ ነው የመጣው። አሜሪካ ውስጥ በ1880ዎቹ የምንጣፍ ሠሪዎች ንድፋቸው ተቀድቶባቸው ከሰሱ። ረቱ። ግን ከምንጣፉ ትርፍ ውስጥ ስንቱ ከንድፉ እንደመጣ ማሳየት ስላልቻሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስድስት ሳንቲም ፈረደላቸው። ስድስት! ምክር ቤቱ በ1887 ሕግ አወጣ፤ ንድፍ የቀዳ ከዕቃው ያገኘውን ትርፍ በሙሉ ይመልስ አለ። ለምንጣፍ የወጣው ሕግ ከመቶ ምናምን ዓመት በኋላ ስልክ ላይ ዋለ።

ችግሩ እዚያ ጋ ነው። ሰው ምንጣፍ የሚገዛው ለጥለቱ ነው። ስልክ ግን ባትሪ አለው፣ ካሜራ አለው፣ ቺፕ አለው። የፊቱን መልክ ስለቀዳ የስልኩን ትርፍ በሙሉ ይመልስ ማለት ልክ ነው? በ2016 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስምንቱም ዳኞች ተስማምተው "ትርፉ የግድ ከሙሉው ስልክ አይታሰብም፣ ከአካሉ አንዱ ብቻም ሊሆን ይችላል" አሉ።

የኛም አገር ሕግ አለው። አዋጅ 123/1987። ንድፍ ይመዘገባል፣ የእጅ ሥራም ቢሆን። አዲስ መሆን ግን አለበት። ጋሼ፣ ከመለቀቁ በፊት ቢያስመዘግቡት ኖሮ የሚይዙት ነገር ይኖርዎት ነበር።

ሸማኔው፦
ልጄ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብዬ መወርወሪያ የምወረውር ሰው ቢሮ ለቢሮ መቼ እዞራለሁ?

ጡረተኛው መምህር፦
ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። መብራት ጠፍቶ ነበር።

ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ በኛ አገር ስም ነው የሚጠሩት። ባቲና አምባሰል። ታዲያ ባቲ ላይ የሚኖር ሰው በባቲ ቅኝት የዘፈነን ሁሉ ገንዘብ ይጠይቅ? አይሆንም። ቅኝት የሁሉ ነው። በዚያ ቅኝት አንድ ሰው ግጥምና ዜማ ሠርቶ ሲዘፍን ግን ያ ዘፈን የሱ ነው። ስልክም እንደዚያው ይመስለኛል። መስታወት ፊት ቅኝት ነው። የጋሼ የጦሳ መንገድ ግን ዘፈን ነው። ፍርድ ቤቶቹ ሰባት ዓመት የተጨቃጨቁት የትኛው ቅኝት፣ የትኛው ዘፈን እንደሆነ ለመለየት ነው።

አይፎኔ፦
መምህር፣ ያ ውብ ነው፤ ግን መስታወቱ ቅኝት የሆነው አፕል ዘፍኖ ሁሉም ስለተከተለው ነው። ሲጀመር ዘፈን ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
ልክ ነህ ልጄ። እዚህ ላይ መልስ የለኝም።

ጠጋኙ፦
እኔ አለኝ። ቅኝቱን እንደ ዘፈን የሚያስመዘግቡስ? ጤፍን አትርሱ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አውጥቶ ነበር። በኛ ጤፍ! በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት "ይኼ ምንም አዲስ ፈጠራ የለውም" ብሎ ሻረው። እስከዚያ ስንት ዓመት ሄደ። ፓተንት ሲጠብቅ ጎበዙን ብቻ አይጠብቅም፣ ቀድሞ ቢሮ የደረሰውንም ነው።

የሙጋድ ባለሱቅ፦
ስለ ሀብታም ስልክ ብዙ አወራችሁ። እኔ በብዛት የምሸጠው ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ነው። ሦስቱም የአንድ ቻይና ኩባንያ ናቸው፣ ትራንሽን ይባላል። እዚሁ አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይገጣጠማል። በአማርኛ የሚጻፍበትን ስልክም አምጥቶልናል። እሱንም በ2024 ኳልኮም የሚባለው የአሜሪካ ቺፕ ኩባንያ ሕንድ ውስጥ በፓተንት ከሰሰው። ትልልቆቹ ሲጣሉ ሂሳቡ የሚወርደው ሱቄ መደርደሪያ ላይ ነው። ዋጋ ሲጨምር ደንበኛው የሚቆጣው ኳልኮምን አይደለም፣ እኔን ነው።

ነርሷ፦
እኔ ስለ ሕጉ አላውቅም። የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የሱቁን ስም አልጠራም።

ኦርጅናል ነው ተብሎ ስልክ ገዛሁ። ሴቲንግ ውስጥ 256 ጂቢ ይላል። የእህቴን ኒካህ ሙሉ ቀን ቀረጽኩበት። ማታ ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ግማሹ ጥቁር ነው፣ ግማሹ አይከፈትም። ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ውስጡ 16 ጂቢ ነው አለኝ። 256 የሚለው የውሸት ጽሑፍ ነው። ሲሞላ የመጀመሪያውን እያጠፋ ነው የሚጽፈው። አያቴ እህቴን ሲመርቁ የተነሳው ፎቶ የለም። አያቴም አሁን የሉም።

መልኩ መመሳሰሉ አልጎዳኝም። የጎዳኝ ስሙ ነው። ስሙን አምኜ ነው የገዛሁት።

ጠጋኙ፦
አብሽሪ እህቴ። ያን ስልክ የከፈተልሽ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ወይም እንደኔ ያለ ሰው ነው፤ በወር ስንቱን እንከፍታለን።

የሕግ ተማሪዋ፦
እመለስበታለሁ ያልኩት ይኼንን ነው። በሌላ ሰው ስም መሸጥ ውድድር አይደለም። የንግድ ምልክት አዋጅ 501/1998 ይከለክለዋል፣ እስራትም አለው። በመልክ ጉዳይ ሰባት ዓመት መጨቃጨቅ ይቻላል። በዚህ ግን ምን ጭቅጭቅ አለ?

አይፎኔ፦
ጠጋኙ፣ ያ ትናንት ያሳየኸን ፎርጅድስ? የማን ነው?

ጠጋኙ፦
...

አይፎኔ፦
ወንድሜ?

ጠጋኙ፦
እሺ። ለሽያጭ የተሰጠኝ ነው። ሰው አምጥቶ "ሽጥልኝ፣ ኮሚሽን አለህ" ብሎኝ ነው። ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት ለልጃቸው ሊገዙት ጠየቁኝ። "ኦርጅናል ነው?" አሉኝ። ትናንት እናንተ ፊት እንደዚያ ስከራከር ውዬ ዛሬ አፌ ተሳሰረ። "አይደለም እማማ" አልኳቸው። ጥለው ሄዱ።

ከዚያ ምላጭ አንስቼ ጀርባው ላይ ያለችውን የተገመጠች ፖም ፋቅኳት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሴቲንጉ ላይ ያለው ቁጥር አልጠፋልኝም፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ "16 ጂቢ፣ ስም የለውም" ብዬ ጻፍኩና ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩት።

የሙጋድ ባለሱቅ፦
ስንት ትላለህ?