የፒክአፕ የኋላ አክስል ሲቀየር የባሌስትራ መቀመጫው መቼና እንዴት ይበየዳል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ፒክአፕ አለኝ። የኋላው አክስል ቱቦ ከጭነት ብዛት የተነሣ ስለጎበጠ የግራው ጎማ ኩሽኔታ (ማዞሪያ ቤሪንግ) በየጊዜው እየተበላ አስቸግሮኛል። አሁን ከሌላ ሞዴል የወጣ፣ ጥርሱም ኩሽኔታውም ደህና የሆነ አክስል አግኝቻለሁ። ከአንዱ የጎማ ማሰሪያ ፊት እስከ ሌላው ስለካው ከነባሩ የሚሰፋው በ2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የጎማ ብሎኖቹም ቁጥርና ርቀት ይገጥማል። ይሁን እንጂ ባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ሞላ) አክስሉ ላይ የሚያርፍባቸው መቀመጫዎች ወደ መሐል የቀረቡ በመሆናቸው ቆርጬ አንሥቼ አዲስ መበየድ ይኖርብኛል። መቀመጫው በምን ያህል ዲግሪ ዞሮ መበየድ እንዳለበት፣ በየትኛው ኤሌክትሮድ እንደምሠራና ቱቦው በሙቀት እንዳይጣመም ምን ማድረግ እንደሚገባኝ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከአንድ መካኒክ

ስለ ብየዳው ሌሎች የተሻለ ይነግሩዎታል፤ እኔ ግን ያልጠየቁትን አንድ ነገር ማስቀደም እፈልጋለሁ። መኪናዎ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ስለሆነ የአዲሱ አክስል የጥርስ ምጥጥን ከፊተኛው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርስ ክፍል) ጋር አንድ መሆን አለበት። ኮሮናው (ትልቁ የዲፈረንሻል ጥርስ) 41፣ ፒኞኑ (እርሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) 11 ጥርስ ካለው ምጥጥኑ 3.73 ነው፤ 41 በ10 ከሆነ ደግሞ 4.10 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 10 በመቶ ገደማ ስለሚሆን የፊቱም ጎማ እንዲነዳ አስገብተው በደረቅ አስፋልት ሲነዱ የፊቱና የኋላው ክፍል እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ በዚህም ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ይጎዳል። ሽፋኑን ከፍተው ጥርሱን ቢቆጥሩ ከሁሉ ይሻላል። መክፈት ካልፈለጉ አንዱን ጎማ አጥብቀው ይዘው ሌላውን በትክክል ሁለት ዙር ያዙሩና ፒኞኑ ስንት ዙር እንደዞረ ይቁጠሩ፤ ይህ የሚሠራው ግን መቆለፊያ በሌለው ተራ ዲፈረንሻል ላይ ብቻ ነው። ምጥጥኑ ካልገጠመ አንድም ብልጭታ ሳያስነሡ ሌላ አክስል ይፈልጉ።

መልስ፦ ከአንድ የብየዳ ባለሙያ

ቱቦው ዝቅተኛ ካርበን ያለው ብረት በመሆኑ በደንብ ይበየዳል። መሐሉ ላይ ያለው የዲፈረንሻሉ አካል ግን አብዛኛውን ጊዜ በቅልጥ ብረት (ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ በፈሰሰ ብረት) የተሠራ ነው፤ ቅልጥ ብረት ቅድሚያ ሙቀት፣ የኒኬል ኤሌክትሮድና በጣም ቀስ ያለ ማቀዝቀዝ ስለሚፈልግ እርሱን ፈጽሞ አይንኩት። ነባሮቹን መቀመጫዎች ሲያነሡ እስከ ቱቦው ድረስ አይቁረጡ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር አስቀርተው የቀረውን በመፍጫ ዲስክ ቀስ ብለው ያስተካክሉ። ቱቦው ላይ የሚቀር የዲስክ ጭረት በኋላ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናልና።

ቀለም፣ ዝገትና የዘይት ቅባት ሁሉ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ መነሣት አለበት። እዚህ ላይ አጥብቄ የማስጠነቅቅዎ ነገር አለ፦ ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ያጸዱትን ብረት በጭራሽ አይበይዱ። የፈሳሹ ቅሪት በብየዳው ሙቀት ፎስጂን ወደሚባል መርዘኛ ጋዝ ይለወጣል፤ ትንሹም ሳንባን ይጎዳል።

በዱላ ኤሌክትሮድ የሚሠሩ ከሆነ 7018ን፣ በ3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይጠቀሙ፤ እርጥበት የነካው ከሆነ ግን ብየዳውን ስለሚያሰነጥቅ በሚገባ ደርቆ የተቀመጠ መሆኑን ያረጋግጡ። አክስል ሻፍቶቹን፣ ኦይል ሲሎቹንና የፍጥነት ሴንሰሮቹን አስቀድመው ያውጡ። የማሽኑን የመሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ቱቦው ላይ እሰሩት፤ ራቅ ብሎ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በፒኞኑ ኩሽኔታዎች ውስጥ አልፎ ያበላሻቸዋል።

መጣመም የሚመጣው ብየዳው ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ነው። መቀመጫው ቱቦው አናት ላይ ስለሚሆን የቱቦው ጫፎች ወደ ላይ ይሳባሉ፤ ያኔ የጎማዎቹ አናት ወደ ውስጥ ያጋድላል። ስለዚህ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ በይደው ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገሩ፤ እጅዎ ሊታገሠው እስኪችል ሳይቀዘቅዝ ወደ መጀመሪያው አይመለሱ። ውኃ አያፍስሱበት። ቱቦውን ዙሪያውን በብየዳ መክበብም ተገቢ አይደለም። ሥራው ካለቀ በኋላ አክስል ሻፍቱ ያለ መዶሻ፣ በእጅ ግፊት ብቻ መግባት አለበት።

መልስ፦ ከሌላ አባል፣ ስለ ዲግሪው

የመቀመጫው ዲግሪ የሚወሰነው ፒኞኑ በሚያነጣጥርበት አቅጣጫ ነው። በካርዳኑ (ኃይሉን ወደ ኋላው አክስል በሚያደርሰው ዘንግ) ጫፍና ጫፍ አንድ አንድ ክሮቼራ (የመስቀል ቅርጽ ያለው መታጠፊያ) ካለ፣ የፒኞኑ መስመር ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) መውጫ መስመር ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ለምሳሌ መውጫው ወደ ኋላ 4 ዲግሪ የሚወርድ ከሆነ ፒኞኑም ወደ ፊት ሲታይ 4 ዲግሪ ቀና ይላል። ባሌስትራ ግን መኪናው ሲጎትት ስለሚጠመዘዝ የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ስለዚህ ከትይዩው 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ አድርገው፣ በምሳሌያችን 2 ወይም 3 ዲግሪ ላይ ያስሩት። በካምቢዮው በኩል ድርብ ክሮቼራ ካለ ሕጉ ሌላ ነው፤ ያኔ ፒኞኑ ቀጥታ ወደ ካርዳኑ ያነጣጥራል፣ እርሱም በትንሹ ዝቅ ብሎ።

ይህ ሁሉ የሚለካው መኪናው በራሱ ጎማ ላይ ቆሞ፣ ሙሉ ክብደቱ በባሌስትራው ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። በክሪክ ተነሥቶ ባሌስትራው ተንጠልጥሎ የተለካ ዲግሪ ዋጋ የለውም።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥርሱን ቆጥሬ ከፊቱ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጫለሁ። እንግዲህ ልኬቱ በጎማ ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ብየዳውንም እዚያው መኪናው ሥር ብጨርሰው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ከብየዳ ባለሙያው

አይጨርሱት። ከላይዎ የነዳጅ ታንከርና የፍሬን ቧንቧ አለ፤ ከዚህም ሌላ የመቀመጫውን ሁሉንም ጎን በደንብ አይደርሱበትም። መቀመጫዎቹን ሳይበይዱ በዩ ቦልት (አክስሉን ከባሌስትራው ጋር በሚያስረው የዩ ቅርጽ ብሎን) ላላ አድርገው ያስሯቸው፤ መኪናውን ያውርዱ፣ ዲግሪውን ያስተካክሉ፣ በግራና በቀኝ ከባሌስትራው የፊት ብሎን እስከ አክስሉ ያለው ርቀት እኩል መሆኑን በሜትር ያረጋግጡ። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለው፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ አድርገው፣ በሁለቱም በኩል ትንንሽ ነጥብ ብቻ ይበይዱ። በመጨረሻ አክስሉን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ሙሉውን ይሥሩ። ወፍራም ብረት የመበየድ ልምድ ከሌለዎ ነጥቡ ላይ ያቁሙና የቀረውን ለተፈተነ በያጅ ይስጡ፤ ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ይህ ብየዳ ነውና።

የጠያቂው ምላሽ

እንዳላችሁኝ አደረግሁ። መኪናው በክሪክ ላይ ሳለ ልክ ነው ብዬ የነበረው ፒኞን፣ ክብደቱ ሲያርፍበት ከታሰበው በ3 ዲግሪ ተዛንፎ ስላገኘሁት ያኔውኑ በይጄው ቢሆን ኖሮ ዳግም መቁረጥ ነበረብኝ። ሙሉውን ብየዳ ልምድ ያለው ሰው ሠራልኝ፤ ሻፍቶቹም በእጅ ገቡ።

መልስ፦ ከመካኒኩ

ደስ ይላል። አሮጌዎቹን ዩ ቦልቶች መልሰው አይጠቀሙባቸው፤ አንዴ ተስበዋልና አዲስ ይግዙ፤ በመስቀለኛ ተራ ያጥብቋቸው፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ይፈትሹ። ካርዳኑ ከካምቢዮው ጋር የሚንሸራተትበት ጫፍ መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ወደ ውስጥ ለመግባት ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቅረው። ፒኞኑ ቀድሞ ከነበረበት ቀና ካለ የዘይቱ ልክ ስለሚለወጥ የፊተኛው የፒኞን ኩሽኔታ እንዳይደርቅ ዘይቱን በጥቂቱ ይጨምሩ። የፍሬኑን አየር አውጥተው፣ የእጅ ፍሬኑም መኪናውን ዳገት ላይ መያዙን ሳያረጋግጡ ወደ መንገድ አይውጡ።