ሽሮ የሌለበት የካርቦን ካልኩሌተር፤ እርዱኝ

የዳሞት_ልጅ
ሰላም ወገን። ጎጃም ውስጥ ካሉት ግቢዎች በአንዱ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የአንድ ሳምንት ምግባችሁን መዝግቡና ስንት ካርቦን እንደሚያስወጣ አስሉ የሚል አሳይመንት ተሰጥቶናል። ኦንላይን ካልኩሌተር ከፈትኩ። ሀምበርገር አለ፣ ቺዝ አለ፣ የአልሞንድ ወተት ሳይቀር አለ። ሽሮ የለም። እንጀራም የለም!
የበላሁት ይኸው ነው፦ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሽሮ፣ እራት ምስር ወይ ክክ፣ እሁድ ደግሞ ከዶርም ልጆች ጋር አዋጥተን አንድ ጥብስ ለሦስት። ሽሮውን «የአተር ሾርባ» ብዬ ላስገባው? ወይስ ዜሮ ነው ብዬ ልለፈው?

አግሮ_ጂሲ
ዜሮማ አይደለም፣ ግን ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ከ119 አገሮች የተሰበሰበ ሰፊ ጥናት አለ፣ ብዙዎቹ ካልኩሌተሮች ቁጥራቸውን ከእሱ ነው የሚወስዱት። 1 ኪሎ የበሬ ሥጋ በአማካይ 60 ኪሎ ገደማ ካርቦን ያስወጣል፣ ዶሮ 6 ኪሎ ገደማ፣ አተር 1 ኪሎ ገደማ። እንግዲህ ከጥብሱ የደረሰህ 100 ግራም ነው እንበል፣ 6 ኪሎ ሆነ። ለአንድ ሽሮ 50 ግራም ዱቄት ብትይዝ 50 ግራም አካባቢ ነው። የእሁዷ ጥብስህ ብቻዋን 120 ሽሮ ታህላለች ማለት ነው፣ ዘይቱንና ማገዶውን ሳንቆጥር 😂

አገው_ምድር
ቆይ እስቲ። ረቡዕና አርብ ተደምሮ፣ የሁዳዴ 55 ቀን ተደምሮ፣ ሌላውም ጾም ተደምሮ ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አናይም። በቀረው ግማሽስ ተማሪ በምን ገንዘቡ ነው ሥጋ የሚበላው? ስጋ ቤት በር ላይ ሽታውን አሽትተን ነው የምናልፈው። ካርቦን የሚጠየቀው እኛ ነን? አሳይመንቱን ለሰጠህ ሰው ይህንኑ ጻፍለት።

ነንካፌዋ
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን እሳቱን ሁላችሁም ረሳችሁት። እኔ ነን ካፌ ነኝ፣ ከሁለት ልጆች ጋር ተከራይተን ራሳችን ነው የምናበስለው። ሽሮዋ ራሷ ምንም አይደለች፣ የምትንተከተከው ግን በከሰል ነው። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ስንጋግር መብራቱ አብዛኛው ከውሃ ስለሆነ ካርቦኑ ኢምንት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጎረቤት ሄደን በሦስት ጉልቻ ነው የምንጋግረው፣ ያኔ ከእንጨቱ ሙቀት አብዛኛው ለግድግዳው፣ ጭሱ ለዓይናችን። ምርጥ የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ያላቸው ቤቶች በግማሽ እንጨት ይጋግራሉ። ስለዚህ ያንኑ ሽሮ በልተን የአንተና የእኔ ካርቦን ይለያያል።
ደግሞ የሚደፋውን እንጀራ መዝግበሃል? እኛ ቤት የተረፈው ድርቆሽ ይሆናል። ካፌ የምትበሉት ግን ጫፍ ጫፉን እየተዋችሁ ስትሄዱ አይቻለሁ።

አገው_ምድር
ከሰሉን በተመለከተ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። እኛ አካባቢ፣ ፋግታ በኩል፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ይተክላል፣ ዓመታት ጠብቆ ቆርጦ ያከስላል፣ መሬቱን እህል ይዘራበትና መልሶ ይተክላል። አዲሱ ዛፍ የወጣውን መልሶ ይስባል። ከተፈጥሮ ደን ተቆርጦ ከቀረው ጋር አንድ ላይ አትደምሩት።

አግሮ_ጂሲ
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ታፍኖ ሲከስል ሚቴን የሚባል ሌላ አየር የሚያሞቅ ጋዝ እንደሚወጣ ግን አትርሳ።
ስለ ሚቴን ካነሳን፣ የ60 ኪሎዋ ቁጥር ለእኛ በሬ ልክ አትመጣም። እሷ ለሥጋ ተብሎ የሚደለብ ከብት ናት። የጎጃም በሬ ስንት ዓመት አርሶ አርሶ ነው ቄራ የሚሄደው። የሚያገሳው ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ ታዲያ ያ ሁሉ ዓመት የማነው? የጥብሱ ብቻ? ለእኔ ግማሽ በግማሹ የጤፉ ነው፣ ጤፍ ማሳ ደጋግሞ ነው የሚታረሰው። ላዩ ላይ ዩሪያ ጨምርበት። ከዩሪያ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ሽምብራና ጓያ ግን ዝናቡ ሲያበቃ በተረፈው እርጥበት ይበቅላሉ፣ ናይትሮጅኑንም ራሳቸው ከአየር ይስባሉ። እና በሽሮ በእንጀራ ላይ ከባዱ እንጀራው ነው፣ ወጡ አይደለም። ይህን ያስቀመጠ ካልኩሌተር አላየሁም።

የዳሞት_ልጅ
ዋው፣ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። እንጀራውን ለብቻ፣ ማገዶውን ለብቻ ልጽፈው ነው።
ዛሬ ምሳ የምበላባት ቤት ሄጄ እንጀራው በምን እንደሚጋገር ባለቤቷን ጠየቅኳቸው። ባህር ዛፍ ነው አሉኝ። ምን ሊያደርግልህ ነው ሲሉኝ «ለካርቦን» አልኳቸው።
«ከሰል ፈልገህ ነው? እሱ በማዶ ይሸጣል» አሉኝ 😂